«ውጤቱ ለምን ዘገየ?» ስለ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ የላቦራቶሪ ምርመራ

(በካምፑ ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ላይ የቀረበ፤ ላልሰሙና በእጃቸው መያዝ ለሚፈልጉ ታትሞ የተሰራጨ)

 

የዛሬውን ርዕስ ያስመረጠን አንድ ወንድማችን በወረቀት ጽፎ የላከልን ጥያቄ ነው። እናቱ ለረጅም ጊዜ ሆዳቸውን ሲቆርጣቸውና ሲያስቀምጣቸው ቆይተው በሪፈር ወደ ናይሮቢ ተላኩ። እዚያ ከአንጀታቸው ናሙና ተወሰደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣው ወረቀት «ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ይሠራ» ይላል። ሐኪሙ ደግሞ በላዩ ላይ የ24 ሰዓት ሽንት አዘዘላቸው። ወንድማችን እንዲህ ይጠይቃል፦ «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም? አንዴ ሥጋ ከወሰዱ በኋላ ሽንት ምን ያደርግላቸዋል? ስደተኛ ስለሆንን እየተሞከረብን ነው ወይ?»

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ሕመምተኞችን አጅቤ ናይሮቢ ስመላለስ በየሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ የምሰማው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ የመጨረሻውን ልመልስ፦ አይደለም፣ እየተሞከረባችሁ አይደለም። ይህን በሽታ በአንድ ምርመራ ብቻ አውቄዋለሁ የሚል ሐኪም ቢገጥማችሁ ነው መጠራጠር ያለባችሁ። ምክንያቱን ቀስ ብለን እንየው።

ስሙ ራሱ ምን ማለት ነው?

«ኒውሮ» ነርቭን፣ «ኢንዶክራይን» ሆርሞን የሚያመነጨውን የሰውነት ክፍል ያመለክታል። በሰውነታችን ውስጥ ሁለቱንም ጠባይ የያዙ ሴሎች አሉ። እንደ ነርቭ መልእክት ይቀበላሉ፤ መልሱን ግን በሆርሞን መልክ ወደ ደም ይለቃሉ። በጨጓራ፣ በአንጀት፣ በትርፍ አንጀት፣ በቆሽት፣ በሳንባ፣ ከኩላሊት በላይ በተቀመጡት አድሬናል በሚባሉ ትናንሽ ዕጢዎችና በሌላም ቦታ ተበትነው ይገኛሉ። እነዚህ ሴሎች ከልክ በላይ ሲባዙ የሚፈጠረው ዕጢ ነው ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ የሚባለው።

በሽታው ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 በተደረገው ምዝገባ በዓመት ከ100,000 ሰው 7 ያህሉ ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ ይህን ወረቀት አንብቦ ተቅማጥ የያዘው ሁሉ እንዳይደነግጥ። እዚህ ካምፕ ውስጥ ተቅማጥ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ውኃውን፣ አሜባውንና ጃርዲያውን ነው። በቪዲዮ ቤት የሕንድ ፊልም የምታዩ ደግሞ ኢርፋን ካንን ታውቁታላችሁ። ይህ በሽታ እንዳለበት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ራሱ ለሕዝብ ተናግሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 አረፈ። ዕጢው ሀብታም ድሃ አይልም፤ ኢርፋን ለሕክምና ለንደን ድረስ ሄዶ ነበር።

ካንሰር ነው አይደለም ለሚለው ጥያቄ አንድ ታሪክ ላንሣ። ለእነዚህ ዕጢዎች ስም ያወጣላቸው ዚግፍሪድ ኦበርንዶርፈር የተባለ ጀርመናዊ የፓቶሎጂ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 በትንሹ አንጀት ላይ የሚወጡ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ካንሰር የሚመስሉ፣ ነገር ግን እንደ ካንሰር የማይጣደፉ ትናንሽ ዕጢዎችን አይቶ «ካርሲኖይድ» አላቸው፤ ካንሰር መሰል ማለቱ ነው። ጉዳት የላቸውም ብሎም ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1929 ግን ሌሎች ሕመምተኞችን ካየ በኋላ ሊሰራጩም እንደሚችሉ ገልጾ የራሱን ቃል አረመ። እ.ኤ.አ. በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራው ተባረረ። ወደ ቱርክ ተሰደደ፤ ኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1944 እዚያው አረፈ። እንደ እኛው ስደተኛ ነበር ማለት ነው፤ በትምህርት ቤት ይህን አልነገሩንም ነበር።

የዛሬው ሕክምና የሚለውም የእሱን ሁለተኛ ቃል ነው። አንዳንዱ ዕጢ ለዓመታት እያዘገመ ያድጋል፤ አንዳንዱ በወራት ውስጥ ይሰራጫል። የትኛው እንደሆነ ዓይን አይቶ፣ እጅ ዳስሶ አይለየውም። ላቦራቶሪ ነው የሚለየው።

ሽንቱ ለምን ተፈለገ?

ከእነዚህ ዕጢዎች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ከትንሹ አንጀት የሚነሡት፣ ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል ወደ ደም ይለቃሉ። ከአንጀት የሚወጣው ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነው፤ ጉበትም ሴሮቶኒኑን ያጠፋዋል። ዕጢው ወደ ጉበት ሲሰራጭ ግን ኬሚካሉ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ሰውነት ይገባል። ያን ጊዜ ተቅማጥ፣ ትንፋሽ ማጠርና ፊትና አንገትን የሚያቃጥል ድንገተኛ የሙቀት ስሜት ይመጣል። የፈረንጅ መጽሐፍ «ፊት ይቀላል» ይላል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላልና ሕመምተኛውን መጠየቅ ያለብን «ፊትህ ቀላ ወይ?» ብለን ሳይሆን «ድንገት ይግልሃል ወይ?» ብለን ነው። የወር አበባ የሚቋረጥባቸው እናቶችም ተመሳሳይ ሙቀት ይሰማቸዋል፤ ያ በሽታ አይደለም።

ሰውነት ሴሮቶኒንን ሲሰባብረው የሚቀረው ነገር በሽንት ይወጣል። ስሙ ፋይቭ ኤች አይ ኤ ኤ ይባላል። የ24 ሰዓት ሽንት የሚሰበሰበው የዚህን መጠን ለመለካት ነው። በቀን ውስጥ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ስለሚል የአንድ ጊዜ ሽንት ሊያሳስት ይችላል፤ የቀኑ ሙሉ ድምር ግን እውነቱን ያሳያል።

አሰባሰቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የምሳሳተውም እኔ ራሴ ነበርኩ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ አባት «ከጠዋት ጀምረው እስከ ነገ ጠዋት ያጠራቅሙ» ብዬ ብቻ ነገርኳቸው። እሳቸውም የመጀመሪያውን የጠዋት ሽንት ጨመሩ፤ ማታ ሽንት ቤት ሲሄዱ ደግሞ አንዱን ረሱት። ናሙናው ተመልሶ እንደገና መጀመር ግድ ሆነ። በእኔ አፍ እሳቸው ተጨማሪ ቀናት በሰው ቤት ወለል ላይ አደሩ። ስለዚህ እንዲህ ነው የሚደረገው፦ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሡ የምትሸኑትን ሽንት ቤት ድፉት፤ ሰዓቱን ግን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ቀንም ሌሊትም የሚመጣውን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ላቦራቶሪው በሰጣችሁ ዕቃ ውስጥ አጠራቅሙ። በማግስቱ ልክ በዚያው ሰዓት የምትሸኑትን ጨምራችሁ ዝጉት። አንድ ጊዜ ካመለጣችሁ አትደብቁ፤ ተናገሩ። የጎደለ ሽንት የተሳሳተ «ደህና ነህ» ያመጣል።

ዕቃው ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ተደርጎ ሊሰጣችሁ ይችላል። ውኃ መስሏችሁ እንዳትደፉት፤ አሲድ ነው፣ ናሙናው እንዳይበላሽ የሚጠብቅ። እጅ ያቃጥላልና ከሕፃናት አርቁት፤ በቀጥታ እዚያ ላይ አትሽኑ፣ በሌላ ንጹሕ ዕቃ ተቀብላችሁ ጨምሩ። የዘይት ጀሪካን ወይም የለስላሳ ጠርሙስ አይሆንም። ዕቃውን ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት።

ምግብም አለበት። ሙዝ (ማቶኬውም ጭምር)፣ ቲማቲም፣ አቮካዶ፣ አናናስና ደበርጃን የዚህን ኬሚካል መጠን ከፍ ያደርጋሉ። ከምርመራው በፊት ሦስት ቀንና በሚሰበሰብበት ቀን መተው ያስፈልጋል። ኢስሊ ዘመድ ቤት የምታርፉ፣ ለባለቤቷ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ እንግዳ መጣ ተብሎ ሥልስ መሠራቱ አይቀርምና! ሽሮው ያለ ቲማቲም ይሠራ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ፓራሲታሞልም ቢሆን፣ ለሐኪሙ ንገሩ። ቡናና ሻይም የሚከለክል ላቦራቶሪ አለ፤ ጠይቁ።

ደግሞም ይህን ያዙልኝ፦ ሽንቱ ደህና ነው ማለት ዕጢ የለም ማለት አይደለም። ሴሮቶኒን የማይለቅ ዕጢ ብዙ ነው።

የደም ምርመራውስ?

ክሮሞግራኒን ኤ የሚባል ፕሮቲን አለ። አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ሴሎች ሆርሞናቸውን በያዙባቸው ትናንሽ ከረጢቶች ውስጥ ይገኛል፤ ዕጢ ሲኖር በደም ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል። ችግሩ በሌላም ምክንያት ከፍ ማለቱ ነው። ኩላሊት ሲደክም ይጨምራል። ከሁሉ በላይ ግን ኦሜፕራዞል ይጨምረዋል። ኦሜፕራዞልን የማያውቅ በዚህ ካምፕ ማን አለ? ለጨጓራ ተብሎ በየቤቱ አለ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይዋዋሰዋል። ኦሜፕራዞል እየዋጠ ክሮሞግራኒን ኤ የተለካ ሰው ዕጢ ሳይኖርበት ዕጢ ያለበት ሊመስል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት እንዲቆም ያደርጋል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ ጨጓራው የደማ ሰው ድንገት ቢያቆም አደጋ አለው። በዚህ ምክንያት ክሮሞግራኒን ኤ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም።

ሌላው በተለይ ጿሚዎችን ይመለከታል። በቆሽት ላይ የሚወጣ ኢንሱሊኖማ የሚባል ዓይነት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ትንሽና የማይሰራጭ ነው፤ ነገር ግን ኢንሱሊን ያለማቋረጥ ይለቃል። ሰውየው ሲርበው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይዘባርቃል፣ ይወድቃል፤ ስኳር ያለው ነገር ሲጠጣ ወዲያው ይነቃል። በጾም ሰዓት ሲወድቅ «ዛር ነው» ወይም «የሚጥል በሽታ ነው» ተብሎ ስንት ዓመት የተጎተተ ሰው ይኖራል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ በወደቀበት ሰዓት፣ ስኳር ከመስጠታችሁ በፊት የጣት ደም የሚለካ ሰው በቅርብ ካለ ይለካ፤ ከሌለ ግን ስኳሩን አታዘግዩ። ከ55 በታች ከሆነ አጠራጣሪ ነው። ኬንያ ውስጥ ስኳር የሚጻፈው በሌላ መለኪያ ነው፤ 55 የምንለው እዚህ 3 ያህል ነው። የኬንያውን ቁጥር በ18 ብታባዙት አገር ቤት የምታውቁትን ታገኛላችሁ። ማረጋገጫው በሆስፒታል ተኝቶ፣ በነርስ ጥበቃ፣ እስከ 72 ሰዓት ጾሞ ስኳሩና ኢንሱሊኑ አብረው የሚለኩበት ምርመራ ነው። በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሞከርም።

ከአድሬናል የሚነሣው ደግሞ ፌኦክሮሞሳይቶማ ይባላል። የደም ግፊት በድንገት ይወጣል፤ ራስ ምታት፣ ላብና የልብ መምታት አብረው ይመጣሉ፤ ከዚያ ያልፋል። የሚለካው ሜታኔፍሪን የሚባል ነገር ነው፣ በደም ወይም በ24 ሰዓት ሽንት። ለደሙ ምርመራ ሕመምተኛው ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ተኝቶ ከቆየ በኋላ ነው የሚቀዳው። ከዚያ በፊት ቡና፣ ሲጋራ፣ ጫት (እዚህ ሚራ የሚሉት) የለም። ጫት ልብን ያስመታል፣ ግፊትን ያወጣል፤ ትናንት የቃመ ሰው ካፈረም በጆሮ ይንገረን እንጂ አይደብቅ። ይህ ጥርጣሬ ካለ ሐኪሙ ከመርፌ በፊት ደሙን ያያል፤ ሳይታወቅ በዚህ ዕጢ ላይ መርፌ ቢገባ ግፊቱ በአንዴ ንሮ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። «ዝም ብለው በመርፌ ወስደው ለምን አይገላግሉንም?» ለምትሉ መልሱ ይኸው ነው።

የሥጋው ናሙና ምን ይሆናል?

የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሥጋው ነው። ናሙናው እንደተወሰደ ፎርማሊን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፤ የፈሳሹ መጠን የናሙናውን አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ውኃ ውስጥ ከገባ ወይም ከደረቀ ይበላሻል፤ ሌላ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። በላቦራቶሪው ውኃው ይወጣለትና በቀለጠ ሰም ውስጥ ይቀበራል። ሰሙ ሲደርቅ ብሎክ ይባላል። ከዚያ በስለት መሣሪያ እጅግ ስስ ሆኖ ይቆረጣል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ተከፍሎ አራት እጁን ያህል። በመስተዋት ላይ ተዘርግቶ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ይቀባል፤ የፓቶሎጂ ሐኪሙም በማይክሮስኮፕ ያየዋል። የዚህ ዕጢ ሴሎች ክብ ክብ ሆነው በጎጆ በጎጆ ተሰብስበው ይታያሉ፤ አስኳላቸው ጨውና ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሐኪሞቹ ራሳቸው «ጨውና በርበሬ» ነው የሚሉት።

ነገር ግን መምሰል ማረጋገጫ አይሆንም። እዚህ ላይ ነው ያ ረጅም ስም ያለው ምርመራ፣ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ የሚመጣው። ኢስሊ ገበያ መሐል ቆማችሁ በአማርኛ ብትጣሩ ማን ይዞራል? አማርኛ የሚሰማው ብቻ ነው። ምርመራውም እንደዚያ ነው። አንቲቦዲ የሚባል ነገር በናሙናው ላይ ይደረጋል፤ የሚፈልገውን ፕሮቲን የያዘ ሴል ካለ እዚያ ላይ ይጣበቅና ቡናማ ቀለም ያወጣል፤ ከሌለ ታጥቦ ይሄዳል። የሚጠሩት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፦ ሲናፕቶፊዚንና ክሮሞግራኒን። ሁለቱም መልስ ከሰጡ ዕጢው ከዚህ ወገን ነው። እያንዳንዱ አንቲቦዲ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ውጤቱ ላይ «ሲናፕቶፊዚን ፖዘቲቭ» ይላል። እንግሊዝኛ በጥቂቱ የሚያነቡ ልጆች «ፖዘቲቭ» የሚለውን ብቻ አይተው ቤተሰቡን ኤች አይ ቪ ነው ብለው ያስለቀሱበት ጊዜ አጋጥሞኛል። ይህ ፖዘቲቭ ከኤች አይ ቪ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ቀለሙን ወሰደ ማለት ብቻ ነው። ወረቀቱን ለጎረቤት ከማሳየታችሁ በፊት ለእኛ አሳዩን።

ሦስተኛው ቁጥር ኪ-67 ይባላል፤ እኔ ከሁሉም በፊት የማየው እሱን ነው። ለመባዛት የተነሡትን ሴሎች ብቻ ያቀልማል። የፓቶሎጂ ሐኪሙ ቢያንስ 500 ሴል ቆጥሮ ከመቶ ስንቱ እንደቀለመ ይጽፋል። ከ3 በታች ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ3 እስከ 20 ደረጃ 2፣ ከ20 በላይ ደረጃ 3 ይባላል። ደረጃ 1 ቀስ ይላል፤ ከ20 በላይ የሆነው ፈጣን ነው፤ መድኃኒቱም የተለየ ነው። ይህ ደረጃ የዕጢውን ፍጥነት እንጂ እስከ የት እንደተሰራጨ አይናገርም። መሰራጨቱ የሚታወቀው በሲቲ ስካንና በመሳሰሉት ነው። ናይሮቢ ውስጥ አጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እና የኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታል ፔት ስካን የሚባለው መሣሪያ አላቸው። የተለመደው ፔት ስካን ስኳር ተከትሎ ስለሚያይ ቀስ ብሎ የሚያድገውን ዕጢ ሊስተው ይችላል፤ ለዚህ ዕጢ የሚመረጠው ጋሊየም የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚጠቀመው ነው። የቱ እንደታዘዘላችሁ ጠይቁ።

ስለ ወረቀቱና ስለ ስሙ

ናሙና ከሚጠፋበት መንገድ ሁሉ ብዙ ያየሁት ይህን ነው። አንዱ ወረቀት ላይ በራስና በአባት ስም፣ ሌላው ላይ በአያት ስም ይጻፋል፤ ፊደሉም በእንግሊዝኛ በየዓይነቱ ነው። ዕድሜ ደግሞ አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ይነገራል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ይለያያል። ላቦራቶሪው ሁለት ሰው ነው ብሎ ያስባል። ስማችሁ ሁልጊዜ በስደተኛ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው፣ በፊደሉ ሳይቀር፣ ይጻፍ። የጉዞ ፈቃዳችሁ የሚያበቃበትን ቀንም ከመነሣታችሁ በፊት እዩ። ጾም ያለበት ወይም ሽንት የሚሰበሰብበት ምርመራ ከታዘዘ በሁለት ቀን ተመልሶ አይመጣም፤ ቀኑ እንዲራዘም ደብዳቤ ጠይቁ።

ወደ ወንድማችን ልመለስ። እናትህ አዲስ ናሙና ለመስጠት እንደገና መቆረጥ ላያስፈልጋቸው ይችላል። በሰም የተቀበረው ብሎክ ላቦራቶሪው ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ የቀረው ምርመራ ከዚያው ላይ ተቆርጦ ሊሠራ ይችላል። ሌላ ሆስፒታል ቢልኳችሁም ብሎኩንና መስተዋቶቹን በደብዳቤ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ በቀኝ በኩል ከላይ ያለውን የላቦራቶሪ ቁጥር በሁለት ቦታ ገልብጥ፤ አንዱን አንተ ያዝ፣ አንዱን ለእኛ ስጠን። ሐኪሙን ስታገኝ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ሲናፕቶፊዚንና ክሮሞግራኒን ምን አሉ? ኪ-67 ስንት ነው? ጉበቱ ታይቷል ወይ? እናትህ ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ከሆነም ክኒኑን ከነወረቀቱ ይዘህ ሂድ። ሽንቱን የሚጀምሩበት ቀን ሲታወቅ ንገረኝ፤ በዋዜማው ቤታችሁ መጥቼ ዕቃውን አብረን እናያለን።